ከማርሚታው ወደ ሞተሩ፦ በጭስ ምርመራ ስለወደቀ አሮጌ መኪና

መኪና በጭስ ምርመራ ሲወድቅ ባለቤቱ ወርዶ መጀመሪያ የሚያየው ማርሚታውን ነው። ጎንበስ ይላል፣ የጠቆረውን ጫፍ በጣቱ ጠረግ ያደርጋል፣ ጣቱን ያያል። ምርመራው የተካሄደው እዚያ ስለሆነ ጥፋቱም እዚያ ያለ ይመስለዋል። አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ገንዘቡ የሚያልቀው በዚህች ግምት ነው። ማሽኑ የሚለካው ጭራ ላይ ነው፤ ሕመሙ ግን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከአየር ፊልትሮው እስከ ካንዴላው ባለው መንገድ ላይ ነው፤ መድኃኒቱም ባለቤቱ ከፈራው በጣም ይረክሳል።

ይህን የምለው ሁለት መኪና ወድቀውብኝ ነው። አንዱ አዲስ አበባ ውስጥ የነዳሁት ዲኤክስ ነው፤ ካርቡሬተር ያለው፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር በአጠገቡ ያላለፈ ቶዮታ ኮሮላ። ሌላው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከመጣሁ በኋላ የገዛሁት የ1999 ሞዴል ካምሪ ነው። የአሮጌ መኪና ጭስ ጉዳይ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ለሁለት ይከፈላል። በዲኤክሱ ወገን ያለውን በአፍንጫ፣ በጆሮና በጋዝ መለኪያ እንመረምረዋለን። በካምሪው ወገን ያለው ራሱን በራሱ እየመረመረ ኃጢአቱን ለኮምፒውተር ይናዘዛል።

ከዲኤክሱ ልጀምር። በ681/2002 አዋጅ መሠረት በየዓመቱ ቴክኒክ ምርመራ ማለፍ ግድ ነው፤ ያላለፈ ቦሎ አያገኝም። መርማሪው ቀጭኑን ቱቦ ማርሚታው ውስጥ ከትቶ ጥቂት ጠበቀና ወረቀት ሰጠኝ። ካርቦን ሞኖክሳይድ 7 በመቶ ይላል። ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩና ማርሚታ ልቀይር ወደ ሶማሌ ተራ ነዳሁ። ማርሚታ ድምፅ ያፍናል እንጂ ጋዝ እንደማያጠራ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ሻጩማ ለምን ይንገረኝ!

ወረቀቱን ዘርግቶ ማንበብ ነበረብኝ። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ ለመንደድ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ይህ ልክ ሲጠበቅ ከሞተሩ የሚወጣው በአብዛኛው ናይትሮጅን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ እንፋሎት ነው። ልኩ ሲዛባ ግን እያንዳንዱ ጋዝ የራሱን ወሬ ይዞ ይመጣል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከበዛ ቤንዚኑ በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል፤ ሌላ ትርጉም የለውም ማለት ይቻላል። ሃይድሮካርቦን ማለት ሳይነድ የወጣ ቤንዚን ነው፤ እሱ ብቻውን ከፍ ብሎ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ዝቅ ካለ አንዱ ሲሊንደር እሳት አልያዘም ወይም ቫልቩ አይገጥምም ወይም ከካርቡሬተሩ በታች ባልተፈቀደ ቀዳዳ አየር እየገባ ነው። ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሙቀት ልጅ ነው፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ሙቀት ከ1,300 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲያልፍ በብዛት ይወለዳል። ምክንያቱ ውሃ የማያዞር ራዲያተር፣ ያለ ጊዜው የቀደመ እሳት ወይም ጭስ መልሶ ወደ ሞተር የሚያስገባው ቫልቭ መደፈን ሊሆን ይችላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድስ? እሱ ከፍ ሲል ደስ ይበላችሁ፤ ከ13 እስከ 15 በመቶ ከደረሰ ሞተሩ የበላውን በደንብ እየፈጨ ነው።

የእኔ ወረቀት እንግዲህ በግልጽ «ቤንዚን አበዛህ» ነበር የሚለኝ። ይህ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የተለመደ በሽታ ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ መኪናው፣ ግማሹ ከተማዋ ናት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ቢሆን ነው። ካርቡሬተር ይህን አያውቅም። ቆላ ላይ በሚሰጠው መጠን ቤንዚኑን ያፈሳል፤ አየሩ ግን ስስ ነው። በዚህ ብቻ ድብልቁ ከአስር በመቶ በላይ በቤንዚን ይከብዳል፤ ገና ፊልትሮው ሳይቆሽሽ፣ ቾኩ ሳይነክስ፣ ተንሳፋፊው ሳይጣመም ማለት ነው። በየመንደሩ «ዲኤክስ ቤንዚን ይጠጣል» የሚባለው ሐሜት ግማሹ በከፍታው ነው።

መካኒኩ ጋሼ (ስማቸውን ማንሳት አልፈልግም፤ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ነበር የሚላቸው) ወረቀቱን አይተው ማርሚታውን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። አራቱን ካንዴላዎች አወጡና ጋዜጣ ላይ በተርታ ደረደሯቸው። «ና እየው» አሉኝ። ሦስቱ ደረቅ ጥላሸት ለብሰዋል፣ በጣት ሲነኩ እንደ ድስት ቂጥ ያጠቁራሉ። አራተኛው ግን እርጥብ ነው፣ ያብረቀርቃል። «እነዚህ ሦስቱ ጠግበዋል፤ ይሄኛው ዘይት ጠጥቷል። ጤነኛ ካንዴላ የቡና ወተት ነው የሚመስለው» አሉ። የካንዴላ ቀለም ማንበብ አሁንም ከብዙ ማሽን ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ዋጋውም ካንዴላ መፍቻ ብቻ ነው።

ዘይት የጠጣው ሲሊንደር ሌላ ጥያቄ ያመጣል፤ ፋሻው ነው ወይስ ቫልቩ? ጋሼ የግፊት መለኪያውን በካንዴላው ቀዳዳ ከተው አስነሱና ቁጥሩን አዩ፤ ከዚያ አንድ ማንኪያ ዘይት በቀዳዳው ጠብ አድርገው ደገሙት። ዘይቱ ገብቶ ግፊቱ ከጨመረ ፋሻው አልቋል፤ ዘይቱ ለጊዜው ክፍተቱን ደፍኖለታል ማለት ነው። ምንም ካልተለወጠ ችግሩ ቫልቩ ጋ ነው። የእኔ ትንሽ ጨመረ። «ሞተሩ ይወርዳል?» አልኳቸው ደንግጬ። «ለዚች? ገና ነው። ይህን ዓመት ይገፋል» አሉኝ። እውነትም ገፋ።

የወደቀ አሮጌ መኪና የሚፈለገው ከርካሹ ወደ ውዱ ነው፤ ጋራዦች በተቃራኒው ሲሄዱ ብዙ አይቻለሁ። የአየር ፊልትሮውን አውጥቶ ወደ ፀሐይ ማየት ምንም አያስከፍልም፤ ብርሃን ካላሳለፈ ሞተሩ ትራስ አፉ ላይ ተጭኖበት ነው የሚሮጠው። የሞተር ዘይት ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ትነቱ በመተንፈሻው ቱቦ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይገባል፤ ዘይት ብቻ ቀይሮ ያለፈ መኪና አውቃለሁ። የካንዴላ ገመዶችን ደግሞ ማታ ነው የሚያዩአቸው። መብራት ሁሉ አጥፍተው፣ ኮፈኑን ከፍተው፣ ሞተሩን በሚኒሞ ያስነሱት። ገመዱ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ እንደ እሳት እራት ሲንቀሳቀስ ካዩ እሳቱ ካንዴላው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ እየተዘረፈ ነው። ጭሱም ቀለም አለው። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ ወደ ሰማያዊ ካደላ ዘይት እየነደደ ነው፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ከሆነ የራዲያተር ውሃ በቴስታታው ጓርኒሲዮን በኩል እየሾለከ ነው። የጥር ጠዋት ነጭ ጭስ ግን እንፋሎት ነው፤ አይደንግጡ።

ጋሼ በመጨረሻ ተንሳፋፊውን አስተካከሉ፣ ቾኩን አጠቡ፣ የሚኒሞዋን ብሎን ጠበቅ አደረጉ። መኪናው አለፈ። ነገሩን ሳስበው ግን አሁንም ፈገግ እላለሁ። ያች ብሎን የምትገዛው ሚኒሞን ብቻ ነው፤ መርማሪውም የለካው በሚኒሞ ነው። እንጦጦ ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ሲያቃስት ምን እንደሚያወጣ የለካው ሰው አልነበረም፤ ከኋላው የሚሄደው አህያ ነጂ ብቻ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ካምሪው። አሜሪካ ውስጥ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ እያንዳንዱ የቤት መኪና አንድ ዓይነት የኮምፒውተር ሶኬት ከመሪው በታች እንዲኖረው ግድ ተደርጓል። ሜሪላንድ በየሁለት ዓመቱ ስትመረምር ለእነዚህ መኪናዎች ማርሚታው ውስጥ የሚከተት ነገር የለም፤ ገመዱን ሶኬቱ ላይ ይሰኩና ኮምፒውተሩን ይጠይቁታል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የ«ቼክ ኢንጅን» መብራት በርታ ከሆነ ወድቀዋል። የእኔ ካምሪ የተናዘዘው ኮድ ፒ0420 ነበር፤ ሲተረጎም ጭሱን የሚያጠራው ካታሊስት የሚጠበቅበትን ያህል እየሠራ አይደለም ማለት ነው።

ፒ0420ን ያህል የሰው ኪስ ያራገፈ ኮድ ያለ አይመስለኝም። የወሰድኩበት ጋራዥ ኮዱን አይቶ ወዲያው አዲስ ካታሊስት ይገባል አለኝ፤ ዋጋው መኪናውን ከገዛሁበት ብዙም አይርቅም። ኮዱ ግን ዕቃ ቀይር አይልም። ከካታሊስቱ በፊትና በኋላ ሁለት የኦክስጅን ሴንሰሮች አሉ። የፊተኛው ሞተሩ አየርና ቤንዚኑን ሲያስተካክል ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት እየተወዛወዘ ይኖራል። ካታሊስቱ ጤነኛ ከሆነ ኦክስጅኑን ይይዝና ይለቃል፤ ስለዚህ የኋላው ሴንሰር ተረጋግቶ ይቀመጣል። የኋላው እንደ ፊተኛው መወዛወዝ ሲጀምር ኮምፒውተሩ ካታሊስቱ ሞቷል ብሎ ይጠረጥራል። ጥርጣሬ ነው እንግዲህ። በመካከሉ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ካለ ኮምፒውተሩ ይታለላል።

የሐበሻ መካኒክ ፈልጌ አገኘሁ፤ በግሉ የሚሠራ ጎልማሳ ነው። «ማታ አሳድራትና ጠዋት ሳታስነሳት ጥራኝ» አለኝ። የካቲት ነበር፣ በረዶ ጥሏል። ሞተሩን አስነስቶ ገና ሳይሞቅ፣ ብረቱም ሳይሰፋ መኪናው ሥር ገባና የሳሙና ውሃ ከካታሊስቱ በፊት ያለው መጋጠሚያ ላይ ረጨ። አረፋው እየተነፋ ፈነዳ፣ ደግሞ ተነፋ። ብረቱ ሲሞቅ ሰፍቶ ቀዳዳውን ያጠብበዋል፤ ድምፁም ይጠፋል። ስለዚህ ነው ጋራዡ ከሰዓት በኋላ ሲያየው ያልሰማው። የተበላችው አንዲት ጓርኒሲዮን ነበረች።

ከዚያ በኋላ ስሕተቱ የእኔ ነው። ጓርኒሲዮኑ እንደተቀየረ ኮዱን አስጠፍቼ በማግስቱ ሄድኩ። አልተቀበሉኝም። ኮድ ሲጠፋ፣ ወይም ባትሪ ሲፈታ፣ ኮምፒውተሩ ራሱን የሚፈትንባቸው ምርመራዎች ሁሉ ባዶ ሆነው እንደገና ይጀምራሉ። በፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መመሪያ ከ1996 እስከ 2000 ላሉ ሞዴሎች ሁለት፣ ከ2001 ወዲህ ላሉት አንድ ያልተጠናቀቀ ምርመራ ብቻ ይታለፋል፤ በካታሊስት ኮድ የወደቀ መኪና ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ያው የካታሊስቱ ፈተና ተጠናቆ መገኘት አለበት። ስለዚህ «ኮዱን አጥፍተህ ሮጠህ ግባ» የሚለው የጓደኛ ምክር አይሠራም። አንድ ሳምንት ከተማ ውስጥም ቤልትዌይ በሚሉት ቀለበት መንገድ ላይም ነዳሁ፤ ማታ አሳድሬ በቀዝቃዛው አስነሳሁ፤ የቤንዚን ታንኩን ሳልሞላም ሳላደርቅም መካከል ላይ አቆየሁ፤ የቤንዚን ትነት ፈተናው ታንኩ ሙሉ ወይም ባዶ ሲሆን አይሠራምና። ስምንተኛው ቀን ላይ አለፈ።

ትነት ካልኩ አይቀር፣ ፒ0455ን ያየ ሰው ከሁሉ በፊት የቤንዚን ክዳኑን ይጠምዝዝ። ጎማው የተሰነጠቀ ክዳን ስንቱን ሰው ከሥራ አስቀርቷል!

ኮምፒውተር ያለው መኪና አዲስ አበባም ሞልቷል፤ ቪትዝ፣ ያሪስ፣ አዳዲሶቹ ኮሮላዎች። እዚያ ግን የተለመደ አንድ ክፉ ልማድ አለ፦ ሞተር እንዳይሞቅ ተብሎ ቴርሞስታቱ ተፈልቅቆ ይጣላል። ውሃው ያለማቋረጥ ይዞራል፣ ሞተሩ ደጋ ላይ በቅጡ ሳይሞቅ ይውላል፤ የሙቀት ሴንሰሩም ለኮምፒውተሩ «ገና ጠዋት ነው» እያለ ይነግረዋል። ኮምፒውተሩ ቀኑን ሙሉ የጠዋት ቤንዚን ያዝዛል። ቤንዚን መብላቱና ማጠቆሩ ከየት መጣ ብለው ሴንሰር በሴንሰር የቀየሩ ሰዎች አሉ፤ የጎደለው ግን የተጣለው ትንሹ የናስ ቁራጭ ነበር።

ካታሊስቱስ በእርግጥ የሚሞተው መቼ ነው? በራሱ ዕድሜ የሚሞት ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ይገደላል። አንድ ሲሊንደር እሳት ሳይይዝ ቢቆይ ያልነደደው ቤንዚን ካታሊስቱ ውስጥ ገብቶ ይነድና የማር እንጀራ የሚመስለውን ሴራሚክ ያቀልጠዋል። ዘይት የሚበላ ሞተር በዘይቱ ውስጥ ባለው ፎስፈረስ ይደፍነዋል። ድሮ ደግሞ እርሳስ ነበር። አሜሪካ በ1975 ሞዴሎች ላይ ካታሊስት ስታስገባ እርሳስ የሌለው ቤንዚን አብሮ መምጣቱ ለዚህ ነው። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች በ2001 እ.ኤ.አ. ዳካር ላይ ተስማምተው እስከ 2006 መባቻ እርሳሱን አወጡ፤ ከዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021 ጨረሰች። ስለዚህ ገዳዩ ሳይያዝ አዲስ ካታሊስት መግጠም ሁለተኛ ሟች ማዘጋጀት ነው። በጎማ መዶሻ መታ መታ ሲያደርጉት ውስጡ ከተንኳኳ ግን ነገሩ አልቋል።

የካታሊስት ሌባም አለ። ውስጡ ያለው ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ነው፤ በ2021 አንድ አውንስ ሮዲየም ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ሲያወጣ የዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነጂዎች ጠዋት ፕሪየሳቸውን ሲያስነሱ እንደ ትራክተር እየጮኸ ያገኙት ነበር። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ «ጉልበት ይጨምራል» እየተባለ ባለቤቱ ራሱ ያስቆርጠዋል። የተደፈነ ከነበረ እውነትም ጉልበት ይጨምራል፤ የተደፈነበትን ምክንያት የሚጠይቅ ግን የለም።

የናፍታውን በአጭሩ ልለፈው። እዚያ የሚለካው የጭሱ ጥቁረት ነው፤ ቆሞ ነዳጁን እስከ ጥግ ሲረግጡት ብርሃን ምን ያህል እንደሚያሳልፍ። ፊልትሮ፣ ኢንጀክተርና ፖምፓ ናቸው ሦስቱ ተጠርጣሪዎች፤ ቱርቦ ለሌለው የድሮ ሞተር ደግሞ ከፍታው አራተኛ ነው። የልኩን ሁለት እጥፍ የተጫነ አይሱዙ ግን የትም ቢሄድ ያጠቁራል፤ ለዚያ መካኒክ ምን ያድርግ?

ምርመራው ራሱስ ይጠቅማል ወይ የሚለው የቆየ ክርክር ነው። የዴንቨር ዩኒቨርሲቲው ዶናልድ ስቴድማን በመንገድ ዳር ተጠምዶ የሚያልፈውን መኪና ጭስ በብርሃን ጨረር የሚለካ መሣሪያ ሠርተው፣ ግማሽ ያህሉን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚያወጡት ከመኪናዎቹ አስር በመቶ ገደማ የሚሆኑት ብቻ መሆናቸውን ደጋግመው አሳይተዋል። ሁሉን መኪና አሰልፎ ከማጉላላት እነዚያን መያዝ ይሻላል ባይ ነበሩ። በሌላ በኩል 2015 እ.ኤ.አ. ላይ ቮልስዋገን 11 ሚሊዮን ገደማ የናፍታ መኪናዎች ላይ ምርመራ መሆኑን አውቆ ጨዋ የሚሆን ሶፍትዌር መጫኑ ተገለጠ። የእኔ ዲኤክስ በአንዲት ብሎን ያደረገውን እነሱ በሺህ መሐንዲስ አደረጉት። እኔ ከስቴድማን ጋር ነኝ፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ያን አስር በመቶ የሚነዳው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ መግዛት የማይችለው ሰው ነው፤ ይዞ መቅጣት ብቻውን ጭሱን አያቆመውም። ኢትዮጵያ ደግሞ በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለች። አዲሱ በኤሌክትሪክ ይመጣል፤ ያለው ግን ዕድሜው ይረዝማል እንጂ አያጥርም። የካርቡሬተር እጅ ያላቸው መካኒኮች እያረጁ ነው፤ ዲኤክሱ ግን አሁንም መንገድ ላይ ነው።

ያን ቀን ከጋሼ ጋራዥ ስወጣ ለፋሲካ አዋሽ ልወርድ እንደሆነ ነገርኳቸው። ከዲኤክሱ ኮፈን ላይ ክንዳቸውን አንስተው አሰቡ። አንድ አጭር ጠፍጣፋ ካቻቪቴ ከኪሳቸው አወጡና ሰጡኝ።

«እኔ ያጠበቅኳት ለዚህ አየር ነው» አሉ። «ናዝሬትን አልፈህ ሚኒሞ ላይ ከተንገጫገጨ እቺን ሩብ ዙር ፍታት። ስትመለስ ደግሞ መልሳት።»

«ካቻቪቴዋንስ?»

«እሷን እንኳ ቦሎ ስታድስ ታመጣታለህ።»